የ"ዛት" ቅብብል

ወንድሜ የዚያን ዕለት ከሰዓት መስታወት እየቆረጠ ለብቻው እንግሊዝኛ ያወራ ነበር። እኔ ደግሞ ከደንበኛ መቀበያው ጀርባ ቆሜ ጆሮዬን ወደ እሱ ቀስሬአለሁ። "አይ ሆፕ ዛት" ይላል፤ ያቆማል። ማስመሪያውን ያስተካክላል። "አይ ሆፕ ዛት" ይላል እንደገና፤ አሁንም ያቆማል። ተስፋ አደርጋለሁ ማለቱ ነው። ምን ተስፋ እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ፤ ፍሬቻ የምንለው ታክሲ ነጂ ያውቃል፤ አብረውን የሚማሩት አዋላጅ ያውቃሉ፤ የማታ ትምህርት ክፍላችን ግድግዳ ራሱ ያውቃል። መስማት የሚገባት ሴት ብቻ አልሰማችም። የምትሰማበት የቀረው ጊዜ ደግሞ ያው የዚያን ቀን ምሽት ነበር።

ከስሩ ልንገራችሁ። እኔና ወንድሜ አባታችን የተወልን መስታወት ቤት አለን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ አወራለሁ። ደንበኛ መጥቶ "ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን?" ብሎ ሲጠይቀው ወንድሜ ቀና ብሎ እኔን ያያል፤ እኔ እመልሳለሁ። ጥርሱን አሞት ሐኪም ቤት ስንሄድ እንኳ የትኛው ጥርስ እንደሆነ ለሐኪሙ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ደግሞም አልተሳሳትኩም። ሰፈሩ ስም ማውጣት ይወዳል፤ እኔን "ሬዲዮ" ይሉኛል፣ ወንድሜን "ጭምቱ"። ሁለታችን አብረን ስናልፍ "ሬዲዮና ሳጥኑ መጡ" የሚሉም አሉ። አልከፋኝም። ሬዲዮ የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው?

ወደ እንግሊዝኛው የገባነው በኔ ንዴት ነው። ከፊት ለፊታችን ትልቅ ሕንፃ ሲሠራ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ስለ መስኮቶቹ ስልክ ደወለልን። እኔ ቃል አጥሮኝ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ግን "የስ" እና "ኖ" ብቻ ይዤ ቀረሁ፤ እነሱንም ቦታ ቦታቸው ላይ ያዋልኳቸው አይመስለኝም። ሥራው ለሌላ ሄደ። በነጋታው ወንድሜን እጁን ይዤ ማተሚያ ቤቱ ፎቅ ላይ ወዳለው የማታ ትምህርት ወሰድኩትና ሁለታችንንም አስመዘገብኩ። መዝጋቢዋ ስሙን ስትጠይቀው እኔን አየኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ከታች የማተሚያው መኪና ሲሠራ ወለሉ እግር ስር ይንቀጠቀጣል፤ የቀለም ሽታ በደረጃው ይወጣል። ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ነው የሚቀመጡት። መምህራችን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውሮፕላን መቆጣጠሪያ ማማ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሰማይ ላይ ያለውን አብራሪ በድምፃቸው ብቻ መሬት ያወርዱ ነበር። ማስተማራቸውም እንደዚያው ነው። "ማማ ላይ አንድ ሕግ አለ" ይሉናል። "የሰማኸውን መልሰህ ትናገራለህ። አትጨምርም፣ አትቀንስም። የጨመረ ሰው አውሮፕላን ይከሰክሳል።" ይህን ሲሉ ሁልጊዜ የሚያዩት እኔን ነው።

ቅብብሉን ያመጡትም ከዚያው ከማማው ነው። ድሮ የሠሩበትን አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ ከቦርሳቸው ያወጣሉ። እሱን ጭንቅላቱ ላይ ያደረገ ሰው አንድ እውነተኛ ነገር "ዛት" በሚለው ማያያዣ ቃል አድርጎ በቀኙ ላለው ሰው ይናገራል። ያ ሰው ለቀጣዩ "እንዲህ ይላል" ብሎ ያስተላልፋል፤ ቀጣዩም ለቀጣዩ፤ "እኔ" ያለው "እሱ" እየሆነ ክቡን ይዞራል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው፣ ማለትም ከጀማሪው በስተግራ የተቀመጠው፣ ዞሮ ለጀማሪው ፊት ለፊት መልስ ይሰጣል፤ በ"እኔ" እና በ"አንተ"። መልእክቱ ሲጀመር ጎኑ ቁጭ ብሎ በጆሮው ሰምቶታል እኮ። ቢሆንም ዞሮ እስኪመጣለት አፉን ይዞ መጠበቅ አለበት። ሕግ ነው።

አንድ ጊዜ ወንድሜ ተለምኖ "መስታወት ቀዝቃዛ እንደሆነ አውቃለሁ" አለ። እኔ ተቀብዬ ለፍሬቻ ሳስተላልፍ፣ መስታወት ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ ጓንት ማድረግ እንዳለበት፣ እንደማያደርግም፣ ብነግረውም እንደማይሰማኝ ያውቃል አልኩ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ "አውሮፕላኑ ወደቀ" አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወንድሜ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ነው ያሳለፈው። "ዛት" የመጣ ዕለት ግን የሆነ ነገር ሆነ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ከፊቱ ግሦቹን ደረደሩ፤ አውቃለሁ፣ አስባለሁ፣ እፈራለሁ፣ ተስፋ አደርጋለሁ። "እነዚህ መጀመሪያ ይመጣሉ" አሉ። "ከዚያ ዛት። ከዚያ ነገሩ።" ቀጥለውም መስተዋድዶቹን አመጡ። አብዛኞቹ መስተዋድዶች ዛትን አጠገባቸው አያስጠጉትም፤ "ዘ ፋክት"፣ እውነታው እንደ ማለት፣ የሚባል አማላጅ መሃል ይገባና ያስታርቃቸዋል። ያለ አማላጅ በቀጥታ የሚቀበሉት "ኢን" እና "ኤክሴፕት" ናቸው። ፍሬቻ፣ ያ ታክሲ ነጂው፣ "ሌሎቹ ዘበኛ አላቸው፣ ሁለቱ በራቸው ክፍት ነው ማለት ነው" አለ። እኔ ደግሞ ለወንድሜ ጠጋ ብዬ "አየህ፣ እኔ ያንተ ዘ ፋክት ነኝ" አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ግን ወደ ግራው ዞሮ ነበር የሳቀው።

ወደ ቤት ስንሄድ ድንገት መንገድ መሃል ቆመ። "እታለም" አለኝ፣ "እጀታ አለው።"

"ምኑ?"

"አረፍተ ነገራቸው። ከፊት ለፊት የሚያዝ ነገር አለው።"

መስታወት ያልሠራ ሰው ይህ አይገባውም። ትልቅ መስታወት እጀታ የለውም፤ ጫፉ ደግሞ ቢላዋ ነው። ስለዚህ የሚመጥ ጎማ እንለጥፍበትና በሱ እናነሳዋለን። በኛ ቋንቋ ነገሩን ሁሉ ዘርግፈህ ስታበቃ ነው መጨረሻ ላይ "ይመስለኛል" ወይም "ተስፋ አደርጋለሁ" የምትለው። ጫፉን በባዶ እጅህ እንደመያዝ ነው። እነሱ ግን "አይ ሆፕ ዛት" ብለው አንዴ ጨብጠው ያነሱታል። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ መጀመሪያው ነበር የሚጠፋው፤ አሁን መጀመሪያው ተዘጋጅቶ ተሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቃችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ይውላል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ችግሩ፣ እጀታውን ይይዝና መስታወቱን አያነሳም።

በስተግራው የምትቀመጠው ሴት መነጽር ሠሪ ናት። ከኛ ሱቅ በላይ ካለው መንገድ ጥግ መነጽር ቤት ውስጥ ሌንስ ትሞርዳለች። ፊቷ ሳይስቅ ሰው የምታስቅ ዓይነት ናት። ትምህርቱ በተጀመረ ሰሞን የራሷ መነጽር ክንፉ ላልቶ አፍንጫዋ ላይ ሲንሸራተት ወንድሜ አየ። ምንም ሳይል እጁን ዘረጋ፤ እሷም ምንም ሳትል ሰጠችው። ከኪሱ ትንሿን መፍቻ አውጥቶ ብሎኗን አጠበቀና መለሰላት። "የሰው መነጽር ስጠግን የኔን ማን ያይልኛል ስል ነበር" አለችው። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም፤ እሱም ጫማውን ጠርጎ መምጣት ጀመረ። ልብ ሲያውቅ ሾላ በድፍን ነው።

ከዚያ ዕለት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ግን መብረቅ ወረደብን። ማዳመጫው እሷ ዘንድ ደረሰና፣ አሠሪዎቿ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ እንደሆነ፣ የዚያ ኃላፊ እንድትሆን እንደጠየቋት ነገረችን። መልሷን ለአለቃዋ የምትሰጠው ከመጨረሻው ትምህርታችን ማግስት ጠዋት ነው። ክፍሉ አጨበጨበ። ወንድሜ ሲሚንቶ መሰለ። እሷ አልጨረሰችም ነበር። "አይ አም ሬዲ ቱ ጎ፣ ኤክሴፕት ዛት…" አለችና ቆመች። ለመሄድ ዝግጁ ነኝ፣ ይህ ባይሆን ኖሮ እንደ ማለት ነው፤ "ይህ" የተባለው ግን አልመጣም።

መምህሩ ጠበቁ። "ከዛት በኋላ ባዶ አይተውም" አሏት።

"የቀረውን ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይልኝ" አለችና ኮቷን አነሳች። ስትነሳ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየችም። እኔ ግን ሴት ነኝ፤ ወደ የትም አለማየቷን አየሁ።

ይኸው ያ የሚቀጥለው ሳምንት፣ የመጨረሻው ትምህርታችን ዕለት፣ ደረሰ። ሱቃችንን ዘግተን ስንወጣ ወንድሜ ሸሚዙን ቀይሮ ነበር። "ዛሬ ትነግራታለህ?" አልኩት።

"እሞክራለሁ።"

"ካቃተህ ዓይንህን ወደኔ ጣል አድርግ፤ እኔ…"

"እታለም።"

"ምን?"

"ምንም" አለና ቀድሞኝ ሄደ። ይኸው ነው የሱ ነገር፤ ጀምሮ ይተወዋል። እኔ ደግሞ በሰው ዕድል ቁማር አልጫወትም። መንገድ ላይ ወሰንኩ። ከትምህርቱ በፊት ደረጃው ላይ አገኛትና ጉዳዩን በአጭሩ አስረዳታለሁ። እሱ እሞክራለሁ ሲል እሷ ሻንጣዋን ብትቆልፍስ?

ደረጃው ላይ አገኘኋት። ወንድሜ ወደ ላይ ወጥቷል፤ እሷ የተለጠፈውን አዲስ ማስታወቂያ እያነበበች ወደ ኋላ ቀርታለች። ከታች የማተሚያው መኪና ስለሚጮህ ጠጋ አልኳት።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ስለ ወንድምሽ ከሆነ ተዪው እትዬ" አለችኝ። ፈገግ ብላለች፤ ድምፅዋ ግን አልሳቀም።

"ምን እንደሆነ እንኳ ሳትሰሚ?"

"ስለ እሱ ያልነገርሽኝ ምን ቀረ? ሽንኩርት እንደማይወድ አውቃለሁ። በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ ክርኑ እንደተሰበረ አውቃለሁ። ዝናብ ሲመጣ እንደሚያስነጥሰው እንኳ ነግረሽኛል። ሁሉንም ካንቺ ነው የሰማሁት። ይሄኛውን ካንቺ ከሰማሁ ግን ነገ ጠዋት ለአለቃዬ እሺ ብዬ እሄዳለሁ።"

"ይሄኛው የቱ?"

"እሱን እሱ ያውቃል" አለችና ደረጃውን ወጣች።

ተናደድኩ። ሰው ደግ ሊሠራ ሲነሳ እንዲህ ይመለሳል? ለሱ ብዬ እንጂ ለኔ ምን ሊጠቅመኝ ነው! የደረጃውን መደገፊያ ይዤ እስክረጋጋ ቆሜ፣ መልስ የሚሆኗትን ነገሮች ሁሉ ለማተሚያው መኪና ነገርኩት። ከዚያ ወጥቼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከወንድሜ በስተቀኝ። ከኔ ቀጥሎ ፍሬቻ፤ ቀጥሎ በጡረታ ያሉት አዋላጅ፤ ቀጥሎ ባንክ የሚሠሩት እህትማማቾች፤ ከዚያ እሷ፤ ከዚያ ክቡ ተዘግቶ ወንድሜ።

መምህሩ ከረባት አድርገው ነበር የመጡት። "ዛሬ ቅብብል ብቻ ነው" አሉ። ፍሬቻ ማዳመጫውን ቀልቦ፣ ታክሲው አሮጌ እንደሆነ እንደሚያውቅ ተናገረ። ዞሮ እኔ ዘንድ መጣና፣ ታክሲህ አሮጌ በመሆኑ አዝናለሁ አልኩት፤ ሌላ ሁለት ነገር ጨምሬ። አዋላጇ በተራቸው፣ ያዋለዷቸው ሕፃናት አድገው በመንገድ ሲያልፏቸው ሰላም አለማለታቸው እንደሚገርማቸው ተናገሩ። ያ መልእክት ዞሮ ሲመለስ ከፍሬቻ አፍ "እኔንም እርስዎ አዋልደውኝ ከሆነ ይቅርታ" ሆኖ ወጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ሰዓቱን ሳይ ማዳመጫውን ሳይ፣ ማዳመጫውን ሳይ ወንድሜን ሳይ ነበር።

"ማን ይጀምር?" አሉ መምህሩ።

የወንድሜ እጅ ተነሳ።

ፍሬቻ በክርኑ ጎሰመኝ፤ እኔ ደግሞ መልሼ ጎሰምኩት። ወንድሜ ማዳመጫውን ተቀበለ፤ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው፤ ትንሽ ጠበበው፤ አላስተካከለውም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። መቁረጫውን መስታወቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል እንዲህ ነው ትንፋሹን የሚይዘው። መስታወት አንዴ ነው የሚጫረው። መሃል ላይ ከቆምክ ወይም ተመልሰህ ከሄድክበት እንደፈለገው ይሰነጠቃል።

እንደ ሕጉ ወደ ቀኙ፣ ወደኔ፣ ዞረ። "አይ ሆፕ ዛት" አለኝ። ቆመ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አነሳው። "አይ ሆፕ ዛት ሺ ስቴይስ።"

እንደምትቀር ተስፋ አደርጋለሁ። እንደማትሄድ። አለው! አባቴ ይሙት፣ አለው! አንዷ የባንክ ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዋላጇ "እልል" ሊሉ ከንፈራቸውን አሹለው ተዉት። መነጽር ሠሪዋ ጉልበቷን እያየች ነው፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል። ሁሉም ሰምቷል። አሁን የቀረው መልእክቱ መዞር ነው፤ ከኔ ለፍሬቻ፣ ከፍሬቻ ለአዋላጇ፣ ከሳቸው ለልጆቹ፣ ከዚያ ለሷ። መንገዱ ተጠርጓል። አፌን ከፈትኩ። "ሂ ሆፕስ ዛት" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ምን ያህል ጥሩ ሰው እንደሆነ፣ ሌሊት እንደማይተኛ፣ ሸሚዙን ዛሬ ለሷ እንደቀየረ ተሰልፏል።

ያን ጊዜ ዓይኗን አነሳችና አየችኝ። ካንቺ ከሰማሁ እሄዳለሁ ያለችኝ ዓይን ነው።

አፌን ዘጋሁት።

ይህን መጻፍ ቀላል ነው። አፌን መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ግን እንደኔ የተፈጠረ ሰው ብቻ ነው። ፍሬቻ ጆሮውን ወደኔ ደቅኖ ይጠብቃል፤ "እህቴ፣ አረንጓዴ በርቷል እኮ" አለኝ በሹክሹክታ። ራሴን ነቀነቅሁ። ወንድሜ በድንጋጤ ያየኛል፤ የዘላለም ልማዱ ነው፣ ጨርሺልኝ የሚል አስተያየት። እሱንም እንዳላይ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ የውሃ ምልክት አለ። በደንብ አጠናሁት።

"ቅብብሉ ለምን ቆመ?" አሉ መምህሩ።

ፍሬቻ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

መምህሩ እኔን አዩ፤ ወንድሜን አዩ፤ ከሱ በስተግራ ያለችውን አዩ። ማማ ላይ ያረጀ ሰው ብዙ አይነገረውም። ተነሡና እጃቸውን ወደኋላ አድርገው ወንድሜ ፊት ቆሙ። "ልጄ" አሉት፣ "ማስተላለፊያው ተበላሽቷል። ማስተላለፊያ ሲበላሽ ምን እናደርጋለን?"

ወንድሜ ከንፈሩን ላሰ። "በቀጥታ እንጠራለን።"

"ለማን ነው የምትናገረው?"

እሱን ያህል ቀስ ብሎ የዞረ ሰው አይቼ አላውቅም። ማዳመጫው እንዳለ ወደ ግራው ዞረ። እሷም ዞረች። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

"አይ ሆፕ ዛት ዩ ስቴይ" አላት። "ሺ" የነበረችው "ዩ" ሆነች። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀጠቀጠው ወለሉ ነው።

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። "ጥሩ" አለችው በራሳችን ቋንቋ። "አሁን ያለ እጀታው በለው።"

የእጀታውን ነገር ከማን እንደሰማች አትጠይቁኝ።

ወንድሜ ማዳመጫውን አወለቀ። እጀታ የለም፤ ዛት የለም፤ ባዶ እጅ ነው። እኔ የወንበሬን ጠርዝ ጨብጬ ጥፍሬ ሊነቀል ደርሷል። "አትሂጂ" አላት። "እዚህ ቅሪ። ከኔ ጋር።"

እሷም ጥቂት አየችውና ዓይኗን ወደ መምህሩ መለሰች። "መምህር" አለች፣ "ባለፈው ሳምንት ባዶ የተውኩትን አሁን ልሙላው?"

"ይቻላል" አሉ መምህሩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አይ ወዝ ሬዲ ቱ ጎ፣ ኤክሴፕት ዛት ሂ አስክድ ሚ ቱ ስቴይ።" ለመሄድ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ቅሪ አለኝ።

"ትክክል ነው" አሉ መምህሩ። ሰሌዳው ላይ ሊጽፉት ጠመኔ አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። "ቅብብሉ ይቀጥል እንጂ። በዚያ በኩል።"

እሷ ከወንድሜ የተቀበለችውን ማዳመጫ አጠለቀችና እንደማትሄድ፣ ነገ ጠዋት ለአለቃዋ እንደምትነግር በግራዋ ላለችው የባንክ ልጅ ተናገረች። ልጅቷ ለእህቷ፤ እህቷ ለአዋላጇ፤ አዋላጇ የታፈነ እልልታቸውን ለቀቁትና ለፍሬቻ፤ ፍሬቻ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያደርስ የኖረው፣ ቃል ሳያዛንፍ ለኔ አደረሰ። ወንድሜ ባለጉዳይ ነውና የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። መልስ ሰጪዋ እኔ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። መምህሩ ገና ሳልጀምር ጣታቸውን አነሱ፤ አትጨምሪ ማለታቸው ነው። የምለው ብዙ ነበረኝ። ደረጃው ላይ ስለመለሰችኝ አንድ ነገር ልላት ነበር፤ ስለ ሽንኩርቱም ማሳሰቢያ ነበረኝ። እሷን አየኋት። እሱን አየሁት። ወንድሜ ሳልጎትተው፣ ሳልገፋው፣ በራሱ እግር ሄዶ እዚያ ማዶ የቆመ መሰለኝ።

"አይ አም ግላድ ዛት ዩ ስቴይ" አልኳት። በመቅረትሽ ደስ ብሎኛል። ሌላ ቃል ቢጠይቁኝም አይወጣኝም ነበር፤ እንባዬ ቀድሞኛል።

"አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ" አሉ መምህሩ፤ ክፍሉም አጨበጨበ።

ስንወጣ ሁሉም በደረጃው ላይ እያወሩ ይወርዳሉ፤ እሷ ከባንክ ልጆቹ መሃል ናት፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ያስቋታል። የማተሚያው መኪና ቆሞ ነበርና ድምፃችን ሁሉ ከሌላው ቀን ጎልቶ ይሰማል። ወንድሜ ከኋላ ቀርቶ ጠበቀኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፤ ልጅ ሆነን እኔ እሱ ላይ እንደማደርገው።

"እታለም" አለኝ፣ "ብዙ ነገር አድርገሽልኛል። እንደዛሬው ግን ረድተሽኝ አታውቂም።"

"ምን አደረግኩ?"

"ዝም አልሽ።"

መልስ ነበረኝ፤ መቼም መልስ አጥቼ አላውቅም። ነገር ግን ከታች ሆና ስሙን ጠርታ "ትመጣለህ?" አለችው። እኔ "መጣ" ልል አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ፣ ደረጃው እስኪያስተጋባ ድረስ፣ "መጣሁ" አላት።